ሳቃችን ዕቃ ያውቃል፦ «ዲዛይን የለንም» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ብዙ ሰው ሲቀባበለው የሰነበተ አንድ ጽሑፍ፣ እኛ ኢትዮጵያውያን በቃል የምንራቀቅ እንጂ ለዕቃ ቅርጽና አሠራር ዐይን የሌለን ሕዝብ ነን ሲል ይከራከራል። ቋንቋው ያማረ፣ ቁጭቱም ከልብ የመነጨ ስለ ሆነ አንባቢ ማግኘቱ አያስደንቅም። እኔም ከፊሉን ራሴን በአዎንታ እየነቀነቅሁ ነው ያነበብሁት። መደምደሚያው ግን ስቷል ብዬ ስለማምን፣ ነጥቦቹን አንድ በአንድ አንሥቼ መልስ ልሰጥባቸው ወደድሁ።

በመጀመሪያ የጸሐፊውን ሐሳብ ሳላጣምም ላስቀምጥ። ዲዛይን ማለት አስቀድሞ ታስቦና ተለክቶ በወረቀት ላይ የሰፈረ ዕቅድ ነው፤ እኛ ዘንድ ያለው ግን ከወላጅ ወደ ልጅ የተላለፈ የእጅ ልማድ ብቻ ነው ይላሉ። ቀልዳችንም ቢሆን በአፍ የቀረ፣ ከምንይዘውና ከምንቀመጥበት ነገር ጋር ያልተገናኘ ነው። በታክሲ ውስጥ የሚለጠፉት ጥቅሶች ዐይን ስለሚያውኩ መነሣት አለባቸው፤ በረባሶንና የምናለሽ ተራን የእጅ ሥራ ማድነቅ ደግሞ ድህነትን ማሽሞንሞን ነው። ከሁሉም በላይ፣ በብልሹ አሠራር ላይ መሳቃችን ብልሹውን ችለን እንድንኖር አስተምሮናል ይላሉ። በመፍትሔነት ያቀረቡት ሐሳብ ሱቅ በደረቴው ሳይቀር ባለሙያ ያወጣለት አንድ ዓይነት ሰሌዳ እንዲሰጠው የሚል ነው።

የእኔ መከራከሪያ ባጭሩ ይህ ነው፦ በዕለት ተዕለት ቀልዳችን ውስጥ ስለ ዕቃ አሠራር የተሰጠ ፍርድ አለ። የሠሪው ስም በማይጠራበት፣ ዕቃውም በጋዜጣ በማይተችበት አገር፣ ሕዝቡ የወደደውንም የጠላውንም ንድፍ የሚገመግመው በሳቅ ነው። ጸሐፊው ሳቁን ሰምተው ፍርዱን አልሰሙትም።

ከወረቀቱ ልጀምር። በወረቀት ያልወረደ ነገር ንድፍ አይባልም ካልን ጀበና የአጋጣሚ ውጤት ናት ማለት ነው። ታችዋ ድቡልቡል ስለ ሆነ ፍም ላይ ስትጣድ ሙቀቱ ዙሪያዋን ያገኛታል። አንገቷ ጠባብና ረጅም በመሆኑ ቡናው ሲገነፍል ወደ ላይ የሚወጣበት ቦታ ያገኛል፤ ሲቀዳም አተላው እንዳለ ወደ ሲኒው አይገለበጥም። ይሁን እንጂ ይኸው ድቡልቡልነት ሌላ ችግር ይፈጥራል፤ ጀበናዋ ጠፍጣፋ ወለል ላይ አትቆምም። ስለዚህ ማቶት ተሠራላት፤ ማቶቱ ላይ ጋደል ተደርጋ ስትቀመጥ ደግሞ ቡናው እስኪሰክን በትዕግሥት ትጠብቃለች። አንዱን ችግር መፍታት የወለደውን ሌላ ችግር በሌላ ዕቃ መፍታት፣ ከዚያም ሁለቱ ዕቃዎች አብረው የተሻለ ነገር እንዲሠሩ ማድረግ፣ በየትኛውም የዲዛይን ትምህርት ቤት ማለፊያ ነጥብ የሚያሰጥ ሥራ ነው። የመጀመሪያዋ ሸክላ ሠሪ ወረቀት አለመያዟ የማሰብ ሥራውን አይፍቀውም።

ፈረንሳዊው ዣክ ካረልማን እጀታውና መቅጃ አፉ በአንድ ወገን የሆኑበት የቡና ማንቆርቆሪያ ነድፎ ብዙ ሰው አስቋል። በዚያ ማንቆርቆሪያ የሚቀዳ ሰው የገዛ እጁን ይለበልባል። ይህ ቀልድ አንድም ቃል የለበትም፤ የሚገባውም ደኅናው ማንቆርቆሪያ እንዴት እንደሚሠራ ለሚያውቅ ሰው ብቻ ነው። ለአንዲት ቡና አፍይ ብታሳዩዋት ማብራሪያ ሳትጠይቅ ትስቃለች። የምትስቀው ደግሞ የተበላሸው ምን እንደሆነ ስላየች ነው፤ የሚያይ ዐይን የለንም ለሚለው ክርክር ከዚህ የበለጠ መልስ አላውቅም።

ጸሐፊው እንደ ምሳሌ ያነሡትን ሱቅ በደረቴን ደግሞ ቀረብ ብለን እንየው። ከካርቶን ወይም ከስስ ጣውላ የተሠራ፣ ዙሪያው በዝቅተኛ ግድግዳ የታጠረ ሰሌዳ ነው። በሁለት ወገን የታሰረው ገመድ ወይም ቀበቶ በአንገት ዙሮ ይይዘዋል፤ የውስጥ ጠርዙ ሆድ ላይ ይደገፋል። በዚህም የሻጩ ሁለት እጆች ነጻ ይሆናሉ፤ በአንዱ ዕቃ ሲሰጥ በሌላው መልስ ይቆጥራል። ማስቲካው ስሙ ለገዢው እንዲነበብ ፊት ለፊት በደረጃ ይደረደራል። በቀላሉ ሊሰረቅ የሚችለውና ዋጋው ከፍ ያለው ዕቃ ወደ ሻጩ ደረት ይጠጋል። ሶፍቱ ቀላልና ትልቅ ስለ ሆነ በጎን ይቆማል። ዝናብ ሲመጣ ወይም ደንብ አስከባሪ ብቅ ሲል መደብሩ በሙሉ ከነባለቤቱ ይሮጣል። ክብደት፣ ታይታ፣ ጥበቃ፣ ፍጥነት፦ አራቱም ታስቦባቸዋል። ስሙስ? መደብር ያህል ነገር ደረት ላይ መንጠልጠሉን በሁለት ቃል የሚያሾፍ፣ ግን ዕቃው የት ላይ እንደሚደገፍ በትክክል የሚናገር ስም ነው። ያየና ያልሳቀ ሰው እንዲህ ያለ ስም አያወጣም።

የሠሪው አለመታወቅም የዲዛይን አለመኖር ማስረጃ ሊሆን አይችልም። ጣሊያናዊው አኪሌ ካስቲሊዮኒ በዓለም የታወቁ መብራቶችና ወንበሮች የነደፈ ሰው ነው። ይሁን እንጂ ከወንድሙ ከፒየር ጃኮሞ ጋር እ.ኤ.አ. በ1968 ባወጣት፣ በመብራት ገመድ መካከል በምትገባ አንዲት ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ በተለየ ሁኔታ ይኮራ ነበር። ምክንያቱም ሰዎች ከኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ የሚገዟት የማን ሥራ እንደሆነች ሳያውቁ ነበር። እንዲያውም ባለቤታቸው የማይታወቅ የዕለት ተዕለት ዕቃዎችን እየሰበሰበ ለተማሪዎቹ ማሳየትና እየሳቀ ማብራራት ከልማዶቹ አንዱ ነበር። ጸሐፊው አርአያ ይሁነን ያሉት አውሮፓ ራሱ ስም የሌለውን ንድፍ ከንድፍ መዝገብ አላወጣውም።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልለፍ። ቀልዳችን የአፍ ብቻ ነው የሚለው አስተሳሰብ በራሳችን ዘንድም ሥር የሰደደ ነው፤ ሰምና ወርቅን እያነሣን የምንኮራበትም ከዚሁ የተነሣ ነው። ነገር ግን የቀልዳችን አባት የምንለው ሰው ማን እንደነበረ እናስታውስ። አለቃ ገብረ ሃና በልጆች ሳይቀር የሚታወቁት በፌዛቸው ነው። እኒህ ሰው ግን የአቋቋም፣ ማለትም በመቋሚያና በአካል እንቅስቃሴ የሚቀርበው የቤተ ክርስቲያን ዝማሬ፣ ሊቅ ነበሩ። እንደሚነገረው የጣናን ማዕበልና በነፋስ የሚወዛወዘውን ሸምበቆ አይተው፣ መቋሚያውና አካሉ አብረው የሚወዛወዙበት አዲስ የአቋቋም ስልት ፈጠሩ። የጎንደር ሊቃውንት ባይቀበሏቸው ለልጃቸው ለተክሌ አስተማሩት፤ ልጃቸውም ደብረ ታቦር ላይ ተከለው። ዛሬም ድረስ የተክሌ አቋቋም እየተባለ በየበዓሉ ይወረባል።

ይህ ታሪክ ለክርክራችን ሁለት ጥቅም አለው። አንደኛ፣ ነገር አዋቂው ሰውና ለቅርጽ ዐይን ያለው ሰው አንድ ሰው ነበሩ፤ ውኃ እንዴት እንደሚንቀሳቀስ ልብ ያለ ዐይን ነው ሰው እንዴት እንደሚያመልጥና እንደሚኮፈስም ልብ ያለው። ሁለተኛው ግን ለጸሐፊው የሚያደላ ነው፤ ሕዝቡ የአለቃን ቀልድ በስማቸው አስቀርቶ የንድፍ ሥራቸውን ለልጃቸው ስም ሰጠው። ቃልን የምናከብረውን ያህል ቅርጽን አናከብርም ቢሉ ኖሮ አብሬያቸው እፈርም ነበር። የለንም ሲሉ ነው የተለያየነው።

በመንገዳችን ላይ ያሉ መኪኖችን ስምም እዩ። ከኋላ በር ተገብቶ ተሳፋሪው በግራና በቀኝ በተዘረጉ ሁለት አግዳሚዎች ላይ ጉልበት ለጉልበት ተገናኝቶ የሚቀመጥባትን ታክሲ ሕዝቡ «ውይይት» አላት። በአብዮቱ ዘመን ሰው በየቀበሌው ለውይይት ይጠራ ነበርና፣ ያን ሁሉ ባዕድ ሰው ፊት ለፊት አፋጥጦ የሚያስቀምጥ መኪና ሌላ ምን ይባላል? በአንዲት ቃል የወንበሩን አቀማመጥ ገልጾ፣ አቀማመጡ በተሳፋሪው ላይ የሚያመጣውን መሳቀቅ አመልክቶ፣ በዘመኑም ላይ አሹፏል። በኋላ የመጣችውን ሾል ያለች ሚኒባስ «ዶልፊን» ማለቱም ከቅርጽዋ የተነሣ ነው። እነዚህን ስሞች ያወጣው ሰው መኪናዋን በደንብ አይቷል።

ስለ ታክሲ ጥቅሶች ብዙ አልልም። የሹፌሩን የፊት መስታወት የሚሸፍን ማንኛውም ተለጣፊ መነሣት አለበት፤ በዚህ ላይ ጸሐፊው ትክክል ናቸው፤ ሴቶችን የሚያንቋሽሹትም እንዲሁ ቢነሡ ማንም አይጎዳም። ነገር ግን በሩ አጠገብ የተለጠፈው፣ በሩን በቀስታ ዝጉልኝ ብሎ በቀልድ የሚለምነው ጽሑፍ ሥራ አለው። ረዳቱ ያንኑ በቃል ቢናገረው ጠብ ይነሣል፤ «ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ ቢሰቀል ደግሞ ማንም አያነበውም። ሳያስቆጣ የሚታዘዝለት ምልክት ማዘጋጀት ሌላ ቦታ ባለሙያ ተቀጥሮ የሚሠራው ሥራ ነው።

አራተኛው ነጥብ ከበድ ይላል። ጸሐፊው፣ ጎማ ቆርጦ ጫማ ማድረግ ችግር ያመጣው ነገር ነው፤ ችግርን ጥበብ ብለን አንጥራው ይላሉ። ግማሹን እቀበላለሁ። የኬሚካል በርሜል አጥቦ ውኃ ማጠራቀሚያ ማድረግ ብልሃት ሳይሆን አደጋ ነው። ከቆርቆሮ የሚሠራው ኩራዝ የስንቱን ተማሪ ዐይን በጭስ እንዳቃጠለ የሚያውቅ ሰው ስለ ውበቱ ግጥም አይጽፍም።

ይሁን እንጂ ችግር ምክንያት እንጂ ሠሪ አይደለም። በረባሶ እጁ ላይ ያለ ሰው ገልብጦ ይየው። ሶሉ የመኪና ጎማ ነው፤ ድንጋይም እሾህም አይበሳውም። ማሰሪያው ከከመነዳሪ የተቆረጠ ስለ ሆነ ይሳባል፤ እግር ሲያብጥም ሲከሳም አብሮ ይሄዳል። ሶሉ ላይ በተሰነጠቀው ቀዳዳ ገብቶ በሚስማር ስለሚያዝ ቢበጠስ መንገድ ዳር ይጠገናል። ሠሪው ጠንካራውን ጎማ ከታች፣ የሚለጠጠውን ከላይ ያደረገው ቸግሮት ሳይሆን የሁለቱን ጠባይ አውቆ ነው። ይኸው የጎማ ሶል በኋላ ቤተልሔም ጥላሁን ባቋቋመችው በሶል ሬብልስ በኩል ባሕር ማዶ ተሽጧል፤ የገዛውም ጫማ የቸገረው ሰው አልነበረም። መርካቶ ውስጥ ያለችው ምናለሽ ተራም፣ ከበርሜል አክንባሎና ምድጃ የሚወጣባት ያቺ ሰፈር፣ ጥያቄን ስም አድርጋ ስትኖር ገበያተኛው የመጀመሪያውን ፈገግታ የሚያገኘው ገና ስሟን ሲጠራ ነው። አርቲስቱ ኤልያስ ስሜ ለሥራዎቹ የሚሆነውን የተጣለ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ የሚለቅመው ከመርካቶ ነው፤ ሥራዎቹ ግን በትልልቅ የአሜሪካ ሙዚየሞች ይታያሉ።

ችግር በሌለበትስ? በአሜሪካ የሚኖሩ ብዙ እናቶች እንጀራ የሚጋግሩበት ክብ የኤሌክትሪክ ምጣድ በአዮዋ ግዛት የሚሠራ፣ ቤታኒ የተባለ ኩባንያ ያወጣው ዕቃ ነው። የተሠራው ለእኛ አልነበረም፤ ከኖርዌይ የሄዱ ሰዎች ሌፍሰ የሚሉትን ስስ የድንች ቂጣቸውን እንዲጋግሩበት ነበር። የአንድ ቀዝቃዛ አገር ቂጣ መጋገሪያ ለጤፍ ሊጥ እንደሚሆን ያስተዋለችው የመጀመሪያዋ ሴት ማን እንደሆነች አይታወቅም፤ ዶላር እንዳልጎደላት ግን መገመት ይቻላል። ስፋቱን፣ የሙቀቱን እኩልነትና የገጹን ልስላሴ አይታ ነው የመረጠችው። ነገሩ አስቂኝም ነው፤ የኖርዌይ ተወላጆቹ ምጣዳቸው ሽሮ ያለበት ቤት መግባቱን ሲሰሙ ምን ይሉ ይሆን? ካስቲሊዮኒም እንዲሁ የትራክተር መቀመጫ ነቅሎ በአንድ የብረት እግር ላይ አቁሞ በርጩማ አድርጎታል፤ ያ በርጩማ ዛሬ በኒው ዮርክ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ስብስብ ውስጥ ይገኛል። ሚላን ላይ ሲሆን ቀልደኛ ንድፍ፣ መርካቶ ላይ ሲሆን ድህነት የሚባልበትን ምክንያት ጸሐፊው ቢያስረዱን መልካም ነበር።

አሁን ወደ ጠንካራው ነጥባቸው ደረስሁ፤ ሳቅ ያስችላል የሚለው ነው። እዚህ ላይ ጸሐፊው አንድ እውነት ነክተዋል። «ፍቅር ካለ ታክሲ ባስ ይሆናል» የሚለውን የታወቀ ጥቅስ አስቡት። ትርፍ ተጭኖ፣ አንዱ በሌላው ላይ ተደርቦ የሚሄደው ሕዝብ ያንን አንብቦ ፈገግ ሲል፣ ቀልዱ የሚያገለግለው ትርፍ የጫነውን ሰው ነው። የተሳፋሪው መጨናነቅ የፍቅር ማነስ ተደርጎ ተተረጎመ። እንዲህ ያለው ሳቅ በእርግጥም ያደነዝዛል፤ ልከራከርለት አልፈልግም።

ግን ሳቅ ሁሉ አንድ አይደለም። አይሱዙ የጭነት መኪናን ሕዝቡ «አልቃይዳ» ያለው በፍጥነቱ ስለሚቀጠፈው ሰው ብዛት ነው። ይህን ስም የሰማ እናት ልጇን እጁን ይዛ ታሻግራለች እንጂ አትዘናጋም፤ ስሙ አቤቱታም ማስጠንቀቂያም ነው። በበዓል ዋዜማ በግ እየጎተተ አራተኛ ፎቅ የሚወጣ የኮንዶሚኒየም ነዋሪም ሲቀልድ አንድ ነገር እየነገረን ነው። ንድፍ አውጪዎቹ ለዕርድና ለእንጀራ መጋገሪያ የሚሆን የጋራ ሕንፃ በየግቢው አስበዋል፤ አሳባቸው ጥሩ ነበር። ሆኖም ቀልዱ በጉ ዛሬም በደረጃው እንደሚወጣ ይነግረናል፤ ይህም ለቀጣዩ ግንባታ ከብዙ መጠይቅ የበለጠ መረጃ ነው። መረጃው የሚጠፋው ነዋሪው ስለ ሳቀ ሳይሆን ሳቁን የሚመዘግብ ስለሌለ ነው።

ክርክሩን በሌላ በኩል ገልብጠን እንፈትነው። ሳቅ ብልሹ አሠራርን የሚያኖር ከሆነ፣ ሳቅ በሌለበት ብልሹው ሊስተካከል ይገባው ነበር። በሆስፒታል ኮሪደር የታመመ ዘመድ ደግፎ የላቦራቶሪውን ክፍል የሚፈልግ ሰው አይስቅም። በመሥሪያ ቤት መስኮት፣ ከመስታወቱ ሥር በተተወችው ቀዳዳ ለመናገር ወገቡን አጥፎ የሚቆም ባለጉዳይም አይስቅም። ምልክቱም ቀዳዳውም ግን እንደነበሩ ናቸው።

ጸሐፊው ያላነሡት፣ እኔ ግን የነገሩ ሥር ነው የምለው ሌላ ጉዳይ አለ። ንድፍ በአገራችን የተናቀው ሠሪው ስለ ተናቀ ነው። ሸማኔው፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ቀጥቃጩና ፋቂው በስድብ ስም ይጠሩ፣ ቡዳ ይባሉ፣ ጋብቻ ይከለከሉ ነበር፤ ነገሩ ከመክፋቱ የተነሣ ዐፄ ምኒልክ ባለ እጆችን መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል። በዚህ በደል ውስጥ ቀልድ ንጹሕ አልነበረም፤ በሸማኔና በቀጥቃጭ ላይ የተቀለደው ቀልድ ብዙ ነው። ጀበናዋን እየሳመ የሠራቻትን ሴት የሚጸየፍ ማኅበረሰብ የዲዛይነር ስም ባይመዘግብ ምን ይገርማል? አገሪቱ የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት ካላት ከ60 ዓመት በላይ ሆኗታል፤ በአለ ፈለገ ሰላም የተጀመረው ያ ትምህርት ቤት ብዙ ሠዓሊ አፍርቷል፤ የሸክላ ሠሪዋን ብልሃት ግን በቅጡ ወደ ክፍል አላስገባነውም። የባለሙያ እጥረት አለ የሚለውን የጸሐፊውን ሮሮ የምቀበለው በዚህ መልኩ ነው።

የቀረው ሱቅ በደረቴውን በአንድ ዓይነት ሰሌዳ የማልበስ ሐሳባቸው ነው። አልቃወመውም። የአንገት ሕመምን የሚቀንስ፣ ዝናብ የማያስገባ ሰሌዳ ቢሠራ ከማንም በፊት ደስ የሚለው ሻጩ ነው። አንድ ቅድመ ሁኔታ ብቻ አለኝ። ንድፉን የሚያወጣው ባለሙያ አስቀድሞ የዛሬውን ካርቶን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ መገናኛ በታክሲ ሰልፍ መካከል ከጠዋት እስከ ማታ ማስቲካና ሶፍት ይሽጥበት። ገመዱ ማጅራቱን የት ጋ እንደሚቆርጠው፣ ሳንቲሙ የት ቢቀመጥ እንደማይፈስ፣ ደንብ አስከባሪ ሲመጣ የቱ ዕቃ ቀድሞ እንደሚወድቅ ካወቀ በኋላ ወረቀቱን ያውጣ። አዲሱን ሰሌዳ ምን ብለን እንሰይመው ብሎ ግን አይጨነቅ፤ እሱን ሰልፈኛው ገና በመጀመሪያው ቀን ያወጣለታል።